አራት ጊዜ ሦስት ወይስ ሦስት ጊዜ አራት?

በዚህ እትም ስለ ክፍልፋይ እንቀጥላለን ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የልጃቸውን ደብተር ታቅፈው ቤቴ ድረስ መጡና ሐሳቤን አስቀየሩኝ። ክፍልፋዩ የትም አይሄድምና ለሚቀጥለው ይቆየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው 3ኛ ክፍል ናት፤ እዚሁ ጁባ ነው የምትማረው። የቤት ሥራዋ «4 × 3 ስንት እንደሆነ በመደመር አሳዪ» የሚል ነበር። እናት ማታ አጠገቧ ተቀመጡና «አራት ሲባዛ በሦስት ማለት አራትን ሦስት ጊዜ መደመር ነው» ብለው 4 + 4 + 4 = 12 አስጻፏት። በማግስቱ ደብተሩ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል። ከጎኑ 3 + 3 + 3 + 3 = 12 ተብሎ ተጽፏል። ልጅቱ ታዲያ ምን ብትላቸው ጥሩ ነው? «እማዬ፣ አንቺ የምታውቂው የኢትዮጵያ ሒሳብ ነው፤ እዚህ አይሠራም!» ከዚያ ቀን ወዲህ የቤት ሥራዋን ለእናቷ ማሳየት ትታለች።

«መምህር፣ እኔ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። መልሱ 12 መሆኑን እኔም አላጣሁትም፣ አስተማሪውም አልካደም። ታዲያ ኤክሱ የምንድን ነው?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ስለ 12 ብለው እንዳልመጡ ገባኝ። ልጃቸው ከእጃቸው እየወጣች ስለመሰላቸው ነው የመጡት።

የኢትዮጵያ ሒሳብ፣ የደቡብ ሱዳን ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። ያለው የአነጋገር ልዩነት ነው። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃነት ከታወጀ ጀምሮ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ከፍ ያሉት ክፍሎችም የሚማሩት በእሱ ነው። በእንግሊዝኛ 4 × 3 ሲነበብ «ፎር ታይምስ ስሪ» ይባላል። ቃል በቃል «አራት ጊዜ ሦስት» ማለት ነው። ስለዚህ አስተማሪው የታየው አራት ቡድን ነው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ሦስት። እኛ ደግሞ በአማርኛ «አራት ሲባዛ በሦስት» እያልን ነው ያደግነው። እንዲህ ሲባል በጆሯችን የሚገባው አራትን ይዘህ ሦስት ጊዜ አድርገው ነው። አንዱ ምልክት፣ ሁለት ሥዕል። የሚገርመው አማርኛችን ራሱ ሁለቱንም ይዟል፤ «አራት ጊዜ ሦስት» የሚልም ሞልቷል፣ «አራት በሦስት» የሚልም ሞልቷል። እኛ ግን መልሱ አንድ ስለሆነ ልዩነቱን ልብ ብለነው አናውቅም።

መልሱ አንድ የሆነበት ምክንያት ነው እንግዲህ የዛሬው ጉዳያችን። በእንግሊዝኛ «ኮምዩታቲቭ ፕሮፐርቲ» ይሉታል። እኛ የመቀያየር ሕግ እንበለው። የሚባዙትን ወይም የሚደመሩትን ሁለት ቁጥሮች ቦታ ብታቀያይራቸው ውጤቱ አይለወጥም፤ ይኸው ነው። ስሙን ያወጣው ሰርቧ የሚባል የፈረንሳይ የሒሳብ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1814። ነገሩ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። ግሪካዊው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ አስቀድሞ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ በሰባተኛው ክፍል፣ የማባዛትን መቀያየር አንድ በአንድ አስረድቶ አረጋግጦታል። ሰው እንዲህ ግልጽ የሆነ ነገር ምን ማረጋገጥ ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል። እስቲ ግን ልጃችሁ «ለምንድን ነው 7 × 5 እና 5 × 7 እኩል የሆኑት?» ብላ ብትጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? «በቃ ነው፣ እኩል ነው» ከማለት በቀር?

ለእናትየው ያሳየኋቸውን ለእናንተም ላሳያችሁ። ገንዘብ አያስፈልገውም፣ የጠርሙስ ቆርኪ ይበቃል። አንድ ወረቀት ወይም የካርቶን ቁራጭ መሬት ላይ አንጥፉ። በላዩ ቆርኪዎቹን በረድፍ ደርድሩ፤ በአንድ ረድፍ ሦስት፣ ረድፉ አራት ይሁን። ልጅቷን «ስንት ረድፍ ነው? በየረድፉስ ስንት ነው?» በሏት። አራት ረድፍ፣ ሦስት ሦስት ትላለች። አሁን ቆርኪዎቹን ሳትነኩ ካርቶኑን ብቻ ሩብ ያህል አዙሩት። ደግማችሁ ጠይቋት። አሁን ሦስት ረድፍ ነው፣ አራት አራት። ቆርኪ አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም፤ አንዱም ከቦታው አልተነሳም። የተቀየረው የተቀመጥንበት ወገን ነው።

ቆርኪ የሌለው ደግሞ ገበያ ይውጣ። እዚህ ጁባ እንቁላል የሚሸጥበትን ትሪ እዩት። በአንድ ወገን ስትቆሙ አምስት ረድፍ ስድስት ስድስት፣ በሌላው ወገን ስትቆሙ ስድስት ረድፍ አምስት አምስት። ሻጩ በየትም በኩል ይቁም፣ ገዢው በየትም በኩል ይቁም፣ 30 እንቁላል ነው። ተሟግቶ የተጣላ ሰው አላየሁም።

መደመርም እንደዚሁ ነው፤ እሱን ግን በጆሮ ነው የምታገኙት። ዐረብኛ ተናጋሪ ነጋዴ 23 ሲላችሁ «ተላታ ዋ ዒሽሪን» ይላል፣ ሦስትና ሃያ እንደማለት። እኛ «ሃያ ሦስት» እንላለን። ሁለታችንም 20 እና 3 ነው የደመርነው፤ እሱ ከትንሹ ጀመረ፣ እኛ ከትልቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ጎሮምም ውስጥ ብዙ ሱዳናውያን ጎረቤቶች አግኝተናልና ይህን በየቀኑ ትሰማላችሁ። ድምሩ ያው ቢሆንም ጽሕፈቱ ላይ ተጠንቀቁ! «ሦስት» የሚለውን ቀድሞ የሰማ ሰው 3ን መጀመሪያ ይጽፍና 32 ያደርገዋል። እኔ በመጣሁበት ሰሞን የስልክ ቁጥር በዐረብኛ እየተነገረኝ ጽፌ ሦስት ጊዜ ለማላውቀው ሰው ደውያለሁ። መደመር ቦታ ቢቀያየር ግድ የለውም፤ የአኃዝ ቦታ ግን ግድ አለው።

ይህንኑ በራሳችን የግዕዝ ቁጥርም ታገኙታላችሁ። ፪፻ ብትሉ ሁለት መቶ ነው። ፻፪ ብትሉ መቶ ሁለት ነው። ያው ሁለት ምልክት ነው፤ ትንሹ ከመቶው በፊት ሲመጣ ይባዛል፣ ከመቶው በኋላ ሲመጣ ይደመራል። አንደበታችንም እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ ሁለት መቶ የተበደረ ሰው መቶ ሁለት ቢመልስ ማን ይቀበለዋል? ስለዚህ ልጆች «ቦታ መቀያየር ይቻላል» ሲባሉ የሚደናገሩት ሰንፈው አይደለም። ቋንቋው ቅደም ተከተልን ጠብቁ እያለ አሳድጓቸዋል። የሚቀያየረው የሚደመሩት ወይም የሚባዙት ቁጥሮች ብቻ እንደሆነ፣ የቁጥሩ አጻጻፍ እንዳልሆነ ለይታችሁ ንገሯቸው።

ይህ ሕግ ምን ይጠቅማል? ለልጅ ከሁሉ በፊት የሚያተርፍለት በማባዣ ሰንጠረዡ ላይ ነው። ከ1 × 1 እስከ 10 × 10 ያለው ሰንጠረዥ 100 መልስ አለው። ልጅ 100 ነገር በቃልህ ያዝ ሲባል ተስፋ ይቆርጣል። አሁን በመቀያየር ሕግ እንቀንስለት። 7 × 8ን ያወቀ 8 × 7ን አወቀ ማለት ነው፤ ስለዚህ 100ው ወደ 55 ይወርዳል። በ1 ማባዛት ማንም ያውቃል፣ በ10 ማባዛትም ዜሮ መጨመር ነው፤ እነሱን ስናወጣ 36 ቀረ። በ2 ማባዛት እጥፍ ማድረግ ነው፣ እሱንም አውጡት፤ 28። የ5ቱን ልጆች በእጃቸው ጣት አምስት አምስት እየቆጠሩ ይዘውታል፤ 21። የ9ኙን ደግሞ በጣት ማግኘት ይቻላል። አሥሩን ጣት ዘርጋ፤ 9 × 4 ከፈለግህ ከግራ አራተኛውን ጣት እጠፍ። ከታጠፈው በስተግራ 3 ጣት፣ በስተቀኝ 6 ጣት ቀረ፤ 36። ይህንንም አውጡት፤ 15 ብቻ ቀረ!

እነዚያ አሥራ አምስቱ እነሆ፤ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። 3×3=9፣ 3×4=12፣ 3×6=18፣ 3×7=21፣ 3×8=24፣ 4×4=16፣ 4×6=24፣ 4×7=28፣ 4×8=32፣ 6×6=36፣ 6×7=42፣ 6×8=48፣ 7×7=49፣ 7×8=56፣ 8×8=64። በሳምንት ሁለት ሁለት ብትይዝ ልጅቷ በሁለት ወር ውስጥ ትጨርሳለች። እኔ ልጅ ሳለሁ መቶውንም በአርጩሜ ነው የያዝኩት፤ መቀያየሩን ማንም አልነገረኝም። 8 × 7ን ጠፍቶኝ የተገረፍኩበት ቀን 7 × 8ን አውቀው ነበር እኮ!

ስለ ኢትዮጵያ ሒሳብ ከተነሳ ዘንዳ ልጅቷ ብታውቀው ደስ የሚላት አንድ ነገር አለ። በውጭው ዓለም የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» ተብሎ የሚጠራ የማባዛት ዘዴ አለ። የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ የሚሉትም አሉ። ዘመዱ ደግሞ በጥንቷ ግብፅ አሕሞስ የሚባል ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በጻፈው የፓፒረስ ጥቅል ላይ ይገኛል፤ ጥቅሉ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። ዘዴው ሰንጠረዥ በቃል መያዝ አይጠይቅም። ማጋመስና እጥፍ ማድረግ ከቻልክ በቂ ነው።

25 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ ስምንት አለን እንበል። ጠቅላላው ስንት ኪሎ ነው? በግራ 25ን፣ በቀኝ 8ን ጻፍ። የግራውን እያጋመስክ ውረድ፣ ግማሽ ካለ ጣለው። የቀኙን እጥፍ እያደረግህ ውረድ።

25 — 8
12 — 16
6 — 32
3 — 64
1 — 128

አሁን በግራ በኩል ሙሉ ቁጥር (2፣ 4፣ 6 የመሳሰለው) ያለበትን ረድፍ ሰርዝ፤ 12 እና 6 ይሰረዛሉ። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች ደምር። 8 + 64 + 128 = 200። ተአምር አይደለም፤ 25 ማለት 16 እና 8 እና 1 ስለሆነ፣ የ8ን አሥራ ስድስት እጥፍ፣ ስምንት እጥፍና አንድ እጥፍ ነው የደመርነው።

አሁን የመቀያየር ሕግን አምጡና ቦታቸውን ቀይሩ። 8ን በግራ፣ 25ን በቀኝ።

8 — 25
4 — 50
2 — 100
1 — 200

በግራ ጎደሎ ቁጥር የቀረው 1 ብቻ ነው፤ በትይዩው 200። የሚደመር ነገር እንኳ የለም! መልሱ አንድ፣ ድካሙ ግን ሌላ። ማቀያየር ይቻላል ማለት ከሁለቱ መንገድ ቀላሉን መምረጥ ይቻላል ማለት ነው። ጎበዝ ነጋዴ ሳይማረውም ያውቀዋል።

ሐዋላ ለምትልኩ ወይም ለምትቀበሉም አንድ ላክል። መቶኛም ይቀያየራል። የ50 ዶላር 6 በመቶ ስንት ነው ብትባሉ ግራ አትጋቡ፤ የ6 ዶላር 50 በመቶ ማለት ነው፣ ግማሹ፣ 3 ዶላር። የ25 ዶላር 8 በመቶስ? የ8 ሩብ፣ 2 ዶላር። በባንኮኒው ፊት ቆማችሁ ስልክ ሳታወጡ ኮሚሽኑን ማወቅ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሁሉ ነገር አይቀያየርም። ማቀያየሩ የጣማቸው ልጆች በየቦታው መቀያየር ይጀምራሉ፤ መቀነስና ማካፈል ግን አይፈቅዱም። በመቀነስ ላይ አማርኛችን ራሱ ያሳስታል። «ከአሥራ ሁለት አምስት ሲቀነስ» እንላለን፣ «አምስት ከአሥራ ሁለት ሲቀነስ» ብንልም ትርጉሙ ያው ነው። ለምን? «ከ» የምትለው ፊደል ከየትኛው እንደሚቀነስ ስለምትናገር ቃላቱ እንደልባቸው ቢቀያየሩ ችግር የለውም። በወረቀት ላይ ግን «ከ» የለችም፤ ቦታው ብቻ ነው የሚናገረው። ልጁ «አምስት ከአሥራ ሁለት» ሲሰማ እንደሰማው ቅደም ተከተል 5 − 12 ብሎ ይጽፋል። 12 − 5 ሰባት ቢተርፍህ ነው፤ 5 − 12 ግን ሰባት ዕዳ ነው። ኪሱ አምስት ያለው ሰው አሥራ ሁለት ሲከፍል ምን እንደሚሆን እኛ ስደተኞች ከማንም በላይ እናውቃለን።

ሌላም ድብቅ ስህተት አለ፤ ደብተር ያገላበጠ ወላጅ በደንብ ያየዋል። 42 − 17 ሲባል ልጁ 35 ብሎ ይመጣል። ከየት አመጣው? በአንድ ቤት 2 ላይ 7 አልቀነስ ሲለው ገልብጦ ከ7 ላይ 2ን ቀነሰና 5 ጻፈ። በአሥር ቤት ከ4 ላይ 1፣ 3። ትክክለኛው 25 ነው። ይህን ልጅ «አላጠናህም» ብላችሁ አትቆጡት። መቀያየር ይቻላል የተባለውን ማይቻልበት ቦታ ወስዶ ተጠቀመበት እንጂ አልሰነፈም። «2 ብር ይዘህ 7 ብር ክፈል ብትባል ምን ታደርጋለህ? ከአሥሩ ትዘረዝራለህ አይደል?» በሉት፤ ያኔ ይገባዋል።

ማካፈልም እንዲሁ። 50 ኪሎ ስኳር ለ8 ቤተሰብ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 6 ኪሎ ከሩብ ይደርሰዋል። አንድ ወጣት ግን በስልኩ ካልኩሌተር 8ን አስቀድሞ ለ50 አካፍሎ 0.16 አገኘና «ለአንድ ቤት መቶ ስድሳ ግራም ነው» ብሎ ሰዉን አስደነገጠ። ስልኩ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። በማካፈል ጊዜ የሚካፈለው ይቀድማል፣ ስንት ቦታ እንደሚካፈል ይከተላል፤ አይገለበጡም።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው፤ ይህን ስጽፍ ራሴንም እየወቀስኩ ነው። መልሱ እኩል ስለሆነ ብቻ ነገሩ እኩል ነው ማለት አይደለም። ሦስት ጀሪካን ውኃ የሚሸከሙ ሁለት ልጆችና ሁለት ጀሪካን የሚሸከሙ ሦስት ልጆች ያመጡት ውኃ ስድስት ጀሪካን ነው፤ የልጆቹን አንገት ግን ጠይቁ። ለ5 ሰው ለ30 ቀን የተሰጠ ራሽንና ለ30 ሰው ለ5 ቀን የተሰጠ ራሽን በመጋዘኑ መዝገብ ላይ አንድ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ወባ ያዛቸውና ኮአርተም ተሰጣቸው። እንደምታውቁት የአዋቂው 24 ፍሬ ነው፤ በአንድ ጊዜ 4 ኪኒን፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ3 ቀን። 4 × 2 × 3 = 24። ማታ ጠሩኝና «ልጄ፣ አራቱን በአንዴ ስውጥ ያቅለሸልሸኛል። ሁለት ሁለቱን በቀን አራት ጊዜ ባደርገውስ?» አሉኝ። እኔ የሒሳብ መምህሩ ምን ብል ጥሩ ነው? «ያው ነው እማማ፣ ስምንት ስምንት ነው» አልኳቸው። እንዲህ በቀላሉ! 4 × 2 እና 2 × 4 እኩል ናቸው፤ ቆርኪ ደርድሬ ላሳያቸውም እችል ነበር።

በማግስቱ ማታ ትኩሳቱ አልለቀቃቸውም። ወደ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ስሄድ የጤና ባለሙያው እንዴት እንደወሰዱ ጠየቀ። ነገርኩት። አላናገረኝም ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ «መምህር፣ መድኃኒቱ በደማቸው ውስጥ በቂ ሆኖ የሚገኘው አራቱ አብረው ሲገቡ ነው። ሁለት ሁለት ከሆነ ተውሳኩ ይቀመስለታል እንጂ አይሞትም» አለኝ። ሲወስዱም ወተት ወይም ቅባት ያለው ምግብ አብሮ እንዲበሉ፣ እንዳያቅለሸልሻቸውም ሰውነታቸውም በደንብ እንዲቀበለው እንደሚረዳ ነገራቸው። እሱ ባዘዘው መሠረት ሕክምናውን እንደገና ጨርሰው ድነዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እስካሁን ሲያዩኝ «የኔ ስምንት» ይሉኛል፣ ይስቃሉ። እኔ ግን አልስቅም።

ስለዚህ በመድኃኒት ፖስታ ላይ «1 × 3» ተብሎ ብታገኙ አንድ ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ መሆኑን የሰጣችሁን ሰው አስረግጣችሁ ጠይቁ። ገልብጦ ሦስቱን በአንዴ የሚውጥ ሰው የቁጥር ስህተት አልሠራም፤ ሦስት ያው ሦስት ነው። ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ለእናትየው ይህን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ የአስተማሪው ኤክስ ትንሽ የገባቸው መሰለኝ። አስተማሪው የፈለገው «አራት ቡድን፣ ሦስት ሦስት» የሚለውን ሥዕል ነው፤ በመድኃኒቱ እንዳየነው ሥዕሉን መለየት ዋጋ አለው። ይሁንና ለኔ ከተጠየቅሁ ኤክስ አላደርግበትም ነበር። መልሱ ትክክል ነው ብዬ ራይት አድርጌ «ይህንንም ሥዕል እይ» ብዬ ከጎኑ እጽፍ ነበር። ልጅ ኤክስ ሲያይ የሚያስበው እናቴ አታውቅም ብሎ ነው።

እናትየውን እንዲህ አልኳቸው። ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ቆርኪ ያሰናዱ። ልጅቷን «አስተማሪሽ በየት በኩል ተቀምጦ ነው ያየው? እኔስ በየት በኩል?» ብለው ይጠይቋት። ካርቶኑን ራሷ ታዙረው፤ እርስዎ አይንኩት። ደብተሯ ላይም ሁለቱንም ትጻፍ፣ 3 + 3 + 3 + 3 እና 4 + 4 + 4፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ኮምዩታቲቭ» ብላ ትጨምርበት፤ ቃሉን አስተማሪው ያውቀዋል። ከቻሉም አንድ ጠዋት ይዘዋት ይሂዱና አስተማሪውን ያነጋግሩት፤ እንግሊዝኛው ባይመችዎት ልጅቷ ታስተርጉም። እናቷ ሒሳብ ስትናገር እሷ አስተርጓሚ ትሁን።

ትናንት ውኃ ስንቀዳ አገኘኋቸው። አልሄዱም ገና ትምህርት ቤቱ። ልጅቷ ግን ሦስት ማታ ካርቶኑን ስታዞር አምሽታለች፤ የእንቁላሉንም ትሪ ከጎረቤት አምጥታ ቆጥራለች። «አሁን እኔን ነው የምትፈትነኝ» አሉኝ፣ ጀሪካኑን እያነሱ። «ስድስት ጊዜ ስምንት ስትለኝ ስምንት ጊዜ ስድስት እያልኩ ነው የምመልስላት፤ ትናደዳለች፣ ግን ኤክስ ማድረግ አልቻለችም።»

ለልጆች የዚህ እትም ጥያቄ ይህ ነው። ጫማ ማድረግና ካልሲ ማድረግ ይቀያየራል? ስኳርና ወተት ሻይ ውስጥ መጨመርስ? ከ100 ብር ላይ አሥር በመቶ ቀንሶ ከዚያ አሥር በመቶ መጨመርና፣ መጀመሪያ አሥር በመቶ ጨምሮ ከዚያ አሥር በመቶ መቀነስ እኩል ይሆናሉ? ሁለቱስ ወደ 100 ይመለሳሉ? የመጨረሻውን በወረቀት ሠርታችሁ አምጡ። መልሱን በሚቀጥለው እትም ከክፍልፋዩ ጋር እናየዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።